በረሃው ፀጉር አይበላም

አዋሽ ሰባት ኪሎ ካሉት የሴቶች ፀጉር ቤቶች አንዱ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ብትቀመጡ ይህን ንግግር ሳትሰሙ አትወጡም። ደንበኛዋ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ቁርጥራጭ እያየች «ይሄ በረሃ ፀጉሬን በላው» ትላለች። ፀጉር ሠሪዋ ቢጉዲኑን እየጠቀለለች «ምን ታደርጊዋለሽ የኔ ቆንጆ፣ ውሃው እኮ ነው» ብላ ታጽናናታለች። ካስክ ሥር ያለችው ሳትቀር፣ ምን እንደተባለ ባትሰማም፣ ራሷን ነቅንቃ ትስማማለች። ሰመራም ሎግያም ያው ነው። ክርክሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይፈጅም፤ በፀሐዩና በውሃው ላይ ተፈርዶ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

በረሃው እንዲህ በቀላሉ የሚፈረድበት ጠበቃ ስለሌለው ይመስለኛል። እኔ ልቆምለት ነው። ሪላክሰር፣ ማለትም የፀጉር መዘርጊያ ክሬም፣ የተቀባ ፀጉር በአፋር ከተሞች እንደ ጉድ እንደሚበጣጠስ አልክድም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። የምክደው ምክንያቱን ነው። ፀጉሩን የምንበላው እኛው ነን፤ ሰዓት ባለማየትና ቀን ባለመቁጠር።

ከምስክር ልጀምር። በዚህ በአዋሽ ሸለቆ ከማንም በላይ ፀሐይ ያረፈበት ራስ የአፋር አርብቶ አደር ራስ ነው። ግመሉን ይዞ ቀኑን ሙሉ ከጥላ ውጭ ይውላል፤ የሚጠጣውም የሚታጠብበትም ያው የአዋሽ ወንዝ፣ ያው የጉድጓድ ውሃ ነው። የአፋር ጎረምሳ ፀጉር ግን በአገር የታወቀ ነው፤ በቅቤ ተለውሶ፣ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ተጠምዝዞ፣ ጆሮ ሸፍኖ የሚወርድ፣ ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚሮጥለት። ልጃገረዶቹ ቀጭን ሹሩባ ተሠርተው፣ ያገቡት ጥቁር ሻሻቸውን ጣል አድርገውበት በዚያው ፀሐይ ውሃ ይቀዳሉ። በረሃ ፀጉር የሚበላ ቢሆን ኖሮ አፋር የራሰ በራዎች አገር በሆነ ነበር።

«የእነሱ ለምዶታል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ፀጉር አይለምድም። ከራስ ቆዳ ከወጣ በኋላ እንደ ጥፍር በድን ነው። የሚለምደው ባለፀጉሩ ነው።

ነገሩን ካወሳሰቡት አንዱ አነጋገራችን ነው። ከሥሩ ተነቅሎ ለወደቀውም፣ ከመሐሉ ለተቆረጠውም «ፀጉሬ ረገፈ» እንላለን። ሁለቱ ግን የተለያየ ደዌ ናቸው። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን አንድ ዘለላ አንሡና ጫፉን በብርሃን እዩት። ከጤፍ ያነሰች ነጭ እብጠት ካለችው ረግፏል። መርገፍ ከውስጥ ይመጣል፦ ከወሊድ፣ ከደም ማነስ፣ ከከባድ ትኩሳት። ወባና ደንጊ በሚመላለሱበት አገር አንዲት ሴት ከዳነች ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ፀጉሯ ቢሳሳ ሪላክሰሩንም በረሃውንም አትክሰስ፤ ትኩሳቱን ታስታውስ። ጤነኛ ሰውም በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይረግፍበታል። እብጠቷ ከሌለችና ቁርጥራጩ የጣት ያህል ከሆነ ግን ተበጥሷል፤ እሱ ከውጭ የመጣ ጥፋት ነው፤ የማወራውም ስለ እሱ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ የሚወርድ መንገደኛ ሞጆ ሲደርስ የመኪናውን መስኮት ይዘጋል። የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ ነው። ጥሬ ቆዳ በፋብሪካ ሲለፋ በመጀመሪያ ከሚገባባቸው ገንዳዎች አንዱ ኖራና ሰልፋይድ የተበጠበጠበት ነው፤ የበሬውም የፍየሉም ፀጉር ሟሙቶ እንዲለቅ። አሁን ፀጉር ቤት መደርደሪያ ላይ ያለውን ሪላክሰር አንሡ። «ላይ» የሚባለው ዓይነት ዋናው ነገሩ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሳሙና የሚሠራበት፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፈትበት። «ኖ ላይ» ተብሎ፣ ለስላሳ ነው እየተባለ በካርቶን የሚሸጠው ደግሞ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በእኛ ቋንቋ የረጠበ ኖራ፤ ሲቀቡት ከሌላ ጠርሙስ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ሦስተኛው፣ በታዮግላይኮሌት የሚሠራው፣ የገላ ፀጉር ማስወገጃ ክሬም ከሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው። ፀጉር የምናሳምርበትና ፀጉር የሚገፈፍበት ነገር ቤተሰቡ አንድ ነው ማለት ነው። የሚለያያቸው መጠንና ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲረሳ ፀጉር ቤቱ ሞጆ ይሆናል።

ፀጉርን ጠንካራ የሚያደርገው በውስጡ የተዘረጋ የዲን ድልድይ ነው። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተው ያ ዲን ነው፤ በዚሁ በአፋር ምድር ዳሎል ላይ ቢጫ ሆኖ የምናየው። «ላይ»ም ሆነ «ኖ ላይ» ሪላክሰር ዘለላውን አሳብጦ ይገባና ድልድዩን ሰብሮ ከዲኑ ከፊሉን ያወጣዋል። ፀጉሩም ጥምዝምዙን የሚይዝበት አጥቶ ይዘረጋል። የፈረሰው ተመልሶ አይገጠምም፤ ስንፈልገው የነበረው መዘርጋት ራሱ የመድከሙ ሌላ ስም ነው። በፒኤች መለኪያ የራስ ቆዳ 5 አካባቢ ሲሆን እነዚህ ሪላክሰሮች 12 ይደርሳሉ፤ ያልፋሉም። መለኪያው በእያንዳንዱ ቁጥር አሥር እጥፍ ስለሚዘል ልዩነቱ አሥር ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲዋ የቆዳ ሐኪም ፕሮፌሰር ኖንህላንህላ ኩማሎና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት «ላይ» የሚባሉትንም «ኖ ላይ» የሚባሉትንም ለክተው፣ ለሕፃናት ተብለው የሚሸጡት ሳይቀሩ ቆዳ የሚያቃጥል ደረጃ ላይ እንዳሉ አሳይተዋል። «እኔ እኮ ለስላሳውን ነው የምቀባው» ለሚሉኝ ወዳጆቼ ሌላ መልስ የለኝም።

የቀረው ሒሳብ ነው። ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የእኛ ጥምዝምዝ ፀጉር ከዚያም ያነሰ። ትከሻ የነካ የ30 ሳንቲ ሜትር ፀጉር ጫፉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ተኩል ዕድሜ አለው። በየስድስት ሳምንቱ ከሥር እስከ ጫፍ ሪላክሰር ከተለቀለቀ ያ ጫፍ ከ20 ጊዜ በላይ ኖራ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። አዲስ የበቀለው ሥር ብቻ ቢነካ ኖሮ የሚነካው አንድ ጊዜ ነበር። ከ20 ጊዜ በላይና አንድ ጊዜ! ይህን የሚያህል ልዩነት የሚፈጥር ፀሐይ በአፋርም የለም።

ሥሩን ብቻ መንካት የተራቀቀ ጥበብ አይደለም። ቀድሞ የተዘረጋውን በቫዝሊን ወይም በኮንዲሽነር ሸፍኖ፣ በማበጠሪያ ጭራ ቀጭን ቀጭን እየከፈሉ አዲሱን ብቻ መቀባት ነው። ግን ጊዜ ይወስዳል። ስድስት ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ መብራትም ይጠፋል ተብሎ ሲፈራ፣ የማን ትዕግሥት ይበቃል? ክሬሙ በጓንት ተዝቆ እንደ ሻምፖ ይታሻል።

ሰዓቱስ? በብዙ ፀጉር ቤት የሪላክሰር ሰዓት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ የደንበኛዋ ራስ ቆዳ ነው ሰዓቱ። «ሲያቃጥልሽ ንገሪኝ» ይባላል። አንዳንዷ ደግሞ እንባዋ እየፈሰሰ ትችላለች፤ «ካላቃጠለ አልያዘም» ብለው አሳድገዋታላ! ቃጠሎ የቆዳ ጩኸት ነው፤ ፀጉሩ መድረስ አለመድረሱን አያውቅም። እዚህ ላይ ለከሳሾቹ አንድ ነገር እሰጣለሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ 40 ዲግሪ በገባ ክፍል፣ የቆመ ቬንትሌተር ሥር ላለ ሰው የተጻፈ አይደለም። ሙቀት ኬሚካልን ያፈጥናል። አዲስ አበባ ላይ በ15 ደቂቃ የሚደርሰው ሰመራ ላይ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። በረሃው ጥፋት ካለበት አንዱ ይኸው ነው፤ ይህም ቢሆን ሰዓት አይቶ ቀደም ብሎ በማጠብ፣ ወይም በማለዳ በመቀባት የሚመለስ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ጥፋቱ ረቀቅ ይላል፤ እንዲያውም የነገሩ ቁልፍ እሱ ይመስለኛል። ሙቀት ያልባል። ላብ የበቀለውን ሥር ያረጥበዋል፤ የረጠበ ጥምዝምዝ ፀጉርም ወደ ልማዱ ይመለሳል። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ወር ተኩል ሳይታወቅ የሚቆይ ሥር ሎግያ ላይ በወሩ ይቆማል። ባለፀጉሯ መስታወት ታያለች፣ «ሪላክሰሩ ለቀቀ» ትላለች፣ ወደ ፀጉር ቤት ትመለሳለች። አልለቀቀም። አንድ ጊዜ የተዘረጋ አይለቅም፤ ያየችው አዲስ ቡቃያ ነው። ስምንት ሳምንት ከዚያም እስከ 12 መጠበቅ የሚገባው በአራት ሳምንት ይደገማል። ገና 1 ሳንቲ ሜትር ባልሞላ ሥር ላይ ደግሞ አሮጌውን ሳይነኩ አዲሱን ብቻ መቀባት ጎበዝ እጅም አይችለውም። በረሃው ትዕግሥታችንን ያሳጥራል፤ ፀጉሩን የሚያሳጥረው ትዕግሥት ማጣታችን ነው።

ውሃው ላይ ልምጣ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ በየቦታው ጨዋማ መሆኑን አልከራከርም፤ መተሐራ አጠገብ እየሰፋ የመጣውን የበሰቃን ሐይቅ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጨዋማ ውሃ ፀጉር ያደርቃል፣ ያሻክራል። ኖራ ካለበት «ኖ ላይ» የሚቀረው ነጭ ክምችት ሲጨመርበት ፀጉሩ እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ፀሐይም የፀጉርን ሽፋን ትልጣለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ዓመት የሚፈጅ መሻከርና በአንድ ከሰዓት የሚሆን መሰባበር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ውሃው ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ስለ ጨዉ አይደለም፤ ስለ ማነሱ ነው። ሪላክሰር ታጥቦ ሲወጣ ብቻ ነው ሥራውን የሚያቆመው። ለዚህ የተሠራ ማርከሻ ሻምፖ አለ፤ ብዙዎቹ ኬሚካሉ ከቀረ አረፋቸው ሮዝ የሚሆን ናቸው፤ አረፋው ነጭ እስኪሆን ሁለቴም ሦስቴም መታጠብ አለበት። ይህ ውሃ ይፈልጋል። ቧንቧው ሦስት ቀን በጠፋበት ሳምንት፣ በጀሪካን በተገዛ ውሃ፣ ማን ሦስቴ ያጥባል? አንድ ጆግ፣ ግፋ ቢል ሁለት፣ ከዚያ ፎጣ። ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ሥር የቀረው ክሬም ካስኩ ሥር ሲሞቅ ሥራውን ይቀጥላል። ቀድሞ የሚበጣጠሰው የማጅራቱ ፀጉር የሆነበትን ምክንያት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ፀሐይ እኮ ማጅራት ሥር አትገባም! የሮቶው ውሃ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ያለ ማሞቂያ ፈልቷል ማለት ይቻላል፤ በዚያ የተቆጣ ራስ ቆዳ ይለቀለቃል። ውሃ በሌለበት ቀን ሪላክሰር አለመቀባት ከማንኛውም ትሪትመንት ይበልጣል። ሹሩባ ተሠርቶ መሄድ ምን ነውር አለው?

ከሳሾች የሚመኩበት ጠንካራ ማስረጃ ከደጋ የሚመጡት ናቸው። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ከደሴ ወይም ከደብረ ብርሃን የወረደች ተማሪ፣ ባንክ ተቀጥራ የተዛወረች ልጅ፣ በዓመቱ ፀጉሯ ግማሽ ሆኖ ለፋሲካ ቤቷ ትገባለች። እናት «በረሃው ነው ልጄ» ይላሉ። የእናት ፍርድ ይግባኝ የለውም፤ እኔ ግን ልጅቱን ሌላ ሌላ እጠይቃታለሁ። ፀጉር ሠሪ ቀይረሻል? አዲሷ ቀድሞ የተቀባሽው የቱ እንደሆነ ጠይቃሻለች? በኮስቲክ ሶዳ ወይም በኖራ በተዘረጋ ፀጉር ላይ ታዮግላይኮሌት ከመጣበት፣ ወይም በተቃራኒው፣ ሁለቱ አይስማሙም፤ ፀጉሩ እጅ ላይ ይቀራል። ስለሞቀሽ ቀኑን ሙሉ ግጥም አድርገሽ አስረሽው ትውያለሽ? በላብ እርጥብ እንዳለ ታበጥሪዋለሽ? እርጥብ ፀጉር ከደረቅ ይልቅ ይሳባል፤ ድልድዩ የፈረሰ ደግሞ ተስቦ አይመለስም። ፔስትራውን በየጠዋቱ የላበው ሥር ላይ ታሳልፊያለሽ? እስካሁን ከጠየቅኋቸው «አይ» በሚል መልስ የጨረሰች አላጋጠመችኝም።

ሙሽሮችንስ ማን ይጠይቅልኝ! ሰኞ ሪላክሰር፣ ረቡዕ ቀለም፣ ዓርብ ሂውማን ሄር ግንባር ድረስ ተወጥሮ ይሰፋል። ኩማሎ ደቡብ አፍሪካ ላይ ያሳዩት አንድ ነገር ይህ ነው፤ ሪላክሰር በተቀባ ፀጉር ላይ የተጠበቀ ሹሩባ ወይም ቅጥል ሲጨመር የግንባር ፀጉር መመለጥ ይበረታል። የተመለጠው ቦታ ከቆየና ጠባሳ ከያዘ አይመለስም። ግንባሩ ሲሸሽ ወይም መሐል አናት ሲሳሳ፣ ሲያሳክክና ሲያቃጥል፣ ወደ ፀጉር ቤት ሳይሆን ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ አለርት ሆስፒታልም ቢሆን።

አሁን መድኃኒት ተብዬዎቹ። ለጋ ቅቤ፣ እንቁላል፣ አብሽ፣ የተልባ ውሃ፣ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፤ ከእነዚህ ጎን ለጎን ዋጋው የወር አስቤዛ የሚያህል ከውጭ የመጣ ትሪትመንት። ቅቤን አከብራለሁ። ዘለላውን ያለሰልሳል፣ ሲበጠር እንዳይፋተግ ያደርጋል፣ ለዚህም ነው የአፋሩ ጎረምሳ ያልተሳሳተው። ግን ቅቤ ከላይ ነው የሚቀመጠው፤ የተሰበረ ድልድይ አይሠራም። የእንቁላልም ፕሮቲን ትልቅ ነው፣ ፀጉር ውስጥ አይገባም፤ ሽንኩርት ደግሞ ለወጥ ነው። የፕሮቲን ትሪትመንቶቹ ለጊዜው ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ በሁለት ሦስት እጥበት ይሄዳሉ። ይህን ያወቀ ሰው ይቀባቸው፣ አልከለክልም። በረሃውን የሚከስ ግን ጥፋቱ ከፀሐይ የመጣ ስለሚመስለው፣ ሲቀባ ይከርምና ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያንኑ ክሬም ከሥር እስከ ጫፍ ያስለቀልቃል። የሐሰት ክስ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ወንጀለኛውን ነፃ አውጥቶ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይሰጠዋል።

የተበጠሰ ፀጉር ሕክምናው መቀስ ነው። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚጠቁር ሴቶች አሉ፤ ርዝመት ክብር ነውና። ጫፉ የተሰነጠቀ ዘለላ ግን እዚያው አይቆምም፣ ወደ ላይ ይተረተራል፤ ዛሬ ሁለት ሳንቲ ሜትር የነፈገች በዓመቱ አሥር ትከፍላለች። መቁረጥ፣ ከዚያ አዲሱን ሥር መጠበቅ። ማደጉንማ አላቆመም፤ ሥሩ ሕያው ነው። «ፀጉሬ አያድግም» የምትለው ሴት ፀጉሯ ያድጋል፤ ከታች የሚበጠሰውና ከላይ የሚያድገው ስለተካከሉ ነው ቆሞ የሚታያት።

ሪላክሰር ተዉ እያልኩ እንዳልሆነ ልብ ይባልልኝ። በሰው ራስ ላይ ስብከት አልወድም፤ ተፈጥሯዊ ፀጉር የጽድቅ ምልክት ሆኖ ሲሰበክ ስሰማም ያንገሸግሸኛል። ለመተው ምክንያት የምትፈልግ ግን አታጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ33,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ፀጉር ማስተካከያ ኬሚካል በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የተጠቀሙት የማሕፀን ካንሰር ዕድላቸው ካልተጠቀሙት በእጥፍ ልቆ አግኝቶታል። ዝምድናውን እንጂ ገዳዩን አላረጋገጠም፤ ቢሆንም በየወሩ ለምትቀባ ሴት ቁጥሩ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ባለፈው ስወርድ ሎግያ ውስጥ አንዲት ፀጉር ሠሪ አገኘሁ። ደብተር ይዛለች፤ በደንበኛ ስም ትይዩ የተቀባችበት ቀንና የሪላክሰሩ ዓይነት ተጽፏል። ስምንት ሳምንት ያልሞላትን አታስተናግድም። በዚህ የተነሣ ደንበኛ ቀርቶባታል፤ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፀጉር ቤት አለ። አንዷን በአምስተኛው ሳምንት ስትመልሳት ተቆጥታ ተሻግራ ሄደች አለችኝ።

«ከዚያስ?»

«በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ሻሿን ፈታ በረሃው በላኝ አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ፤ አስቀመጥኋትና መቀስ አነሣሁ።»